ፊደል ከቆጠርን ቁጥርም እናንብብ
(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር፤ ለመማማሪያና ለውይይት ቡድኖች በጽሑፍ የቀረበ)

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዘነበወርቅ፣ ከዚያም ወዲያ በየመማማሪያ ጣቢያው ተሰብስባችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ለዛሬው ትምህርታችን እንኳን በደህና መጣችሁ። ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ፤ ዛሬ ጥቂት መደመርና ማካፈል ይኖረናል። ጥቁር ሰሌዳ ያላችሁ ቡድኖችም ጠመኔውን አቅርቡ።

በአገራችን አነጋገር ማንበብ የጀመረ ሰው «ፊደል ቆጠረ» ይባላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ደብዳቤውን ለሌላ አያስነብብም፤ ምን እንደሚል በማያውቀው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አያሳርፍም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊደል ያወቀ ሁሉ ቁጥር ያነባል ማለት አይደለም። «ከተማው ይህን ያህል አደገ፤ ይህን ያህል ዛፍ ተተከለ፤ ኑሮ በመቶ ይህን ያህል ተወደደ» ሲባል እንሰማለን፤ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን። ማን ቆጠረው? የት ተጽፎ ይገኛል? እኛ ብንደምረው ያው ይወጣል ወይ? ብለን አንጠይቅም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ርእሱም ስለ ልማትና ስለ አካባቢ «ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃ» ነው፤ ባጭሩ «ክፍት መረጃ» እንለዋለን።

ክፍት መረጃ ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከምናውቀው እንነሣ። በየሰፈራችን ዕድር አለ። ዕድሩ ሰብሳቢ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ዓመቱ ሲዞር አባላቱ ይሰበሰቡና ሒሳብ ይሰማሉ። በወር መዋጮ ይህን ያህል ገባ፤ ለቀብር ይህን ያህል ወጣ፤ ለድንኳንና ለወንበር ይህን ያህል ተከፈለ፤ በባንክ ይህን ያህል አለ ይባላል። ከአባላቱ አንዷ እጅ አውጥታ «እስቲ መዝገቡን ልየው» ብትል ማንም አይከለክላትም። መዝገቡን ታያለች፤ ትደምራለች፤ ስሕተት ካገኘች ትናገራለች። ይኸውላችሁ፣ ክፍት መረጃ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ መዝገቡ የዕድር ሳይሆን የከተማ፣ የአገር፣ አልፎም የዓለም መሆኑ ብቻ ነው።

አንድ መረጃ ክፍት ነው ለመባል ሦስት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ ማንም ሰው ያለ ዘመድና ያለ ክፍያ ሊያገኘው ይገባል። ሁለተኛ፣ ሊደመርና ሊነጻጸር በሚችል ሰንጠረዥ መቅረብ አለበት። ሰብሳቢው «ሒሳቡ ደህና ነው» ብሎ ቢቀመጥ ሒሳብ አሰማ አይባልም፤ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ ማሳየት አለበት። ሦስተኛ፣ ያገኘው ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛውና ለሌላው ሊያሰማው መፍቀድ አለበት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ይባል የለም?

ዓለም መዝገቡን ሲከፍት

ይህ አሠራር በዓለምም ቢሆን የቆየ አይደለም። የዓለም ባንክ የድሃ አገሮችን የምርት፣ የትምህርት፣ የጤናና የአካባቢ አኀዞች ለብዙ ዓመታት የሚያቀርበው በክፍያ ነበር። ስለ ድሃው የተሰበሰበው መረጃ ድሃው ሊገዛው የማይችል ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ባንኩ ሣጥኑን ለሁሉም በነጻ የከፈተው በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካኖች «ላንድሳት» የተባሉት ሳተላይቶች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰማይ ያነሷቸውን የመሬት ሥዕሎች በነጻ ለቀቁ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የደን መመናመን፣ የሐይቅ መሸሽ፣ የከተማ መስፋት ይታያል። አዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌና ወደ ቀራንዮ እንዴት እየሰፋች እንደ መጣች ዓመት በዓመት እያስተያየ የሚከታተል ተማሪ ዛሬ ሳንቲም አይከፍልም። ኢንተርኔት የሚይዝ የእጅ ስልክ ይበቃዋል።

በኢኮኖሚ በኩል ደግሞ ከቅርባችን ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የዕለቱን ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በስልክና በመገናኛ ብዙኃን ማሰማት ነበር። ቀድሞ ገበሬው ቡናውን ወይም ሰሊጡን ይዞ ሲመጣ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚነግረው ራሱ ገዢው ነጋዴ ነበር። ገዢና ነጋሪ አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚፈጠር እናንተው ፍረዱ! ዋጋው ክፍት ከሆነ ግን ገበሬው ቢያንስ ምን እንደሚከራከር ያውቃል። መረጃ ራሱ ገንዘብ ባይሆንም ገንዘብ እንዳይወሰድ ያደርጋል።

የአገራችን መዝገብ

በአገራችን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው። ስሙ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። መላውን ሕዝብ ለመቁጠር የተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ተካሄደ። ከዚያ በፊት የሕዝቡ ብዛት የሚነገረው በግምት ነበር። ቆጠራው ወደ 42 ሚሊዮን ሲያሳይ ቀድሞ ይነገር ከነበረው ግምት እጅግ በልጦ ተገኘ። አስቡት እንግዲህ፣ ያልተቆጠረ ሰው እህል ሲደለደል፣ ክትባት ሲታዘዝ፣ ትምህርት ቤት ሲታቀድ የለም እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ቆጠራ በ1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ሆነ። በሦስተኛው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ።

ቁጥር መርዶ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ብሥራትም ይዞ ይመጣል። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበር አሳየ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ቀንሱት፤ 99 ይወጣል። ከየአንድ ሺሁ 99 ልጆች አምስተኛ ዓመታቸውን አዩ ማለት ነው። ይህን ያወቅነው በየአምስት ዓመቱ ገደማ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ቤት ለቤት የዞረ ሰው ስለ ነበረ፣ የተገኘውም ውጤት ለሁሉም ስለ ተከፈተ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር

አሁን ሰሌዳውን አቅርቡ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ 10 ክፍለ ከተሞች ነዋሪ እንዲህ ነበር። ቀስ ብዬ አነብባለሁ፤ ጻፉ።

ኮልፌ ቀራንዮ 428,895
የካ 346,664
ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283
ቦሌ 308,995
ጉለሌ 267,624
አዲስ ከተማ 255,372
ቂርቆስ 221,234
አራዳ 211,501
ልደታ 201,713
አቃቂ ቃሊቲ 181,270

ደምሩት። ያለ ስሕተት ከተደመረ 2,739,551 ይመጣል። በዚያ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ተብሎ የታተመውም ይኸው ነው። አያችሁ? ቁጥሩን ከባለሥልጣን አፍ ተቀብለን ብቻ አላለፍንም፤ በገዛ እጃችን አረጋገጥነው። በዚያን ጊዜ ከከተማው ሕዝብ ብዙውን የያዘው ኮልፌ ቀራንዮ እንደ ነበረም አወቅን። ከመቶ የአዲስ አበባ ነዋሪ ወደ 16 የሚጠጋው እዚህ ይኖር ነበር። ይህን የያዘ የሰፈር ሽማግሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ከመቶው 16ቱ እኛ ነን፤ ታዲያ ከጤና ጣቢያው፣ ከውሃው፣ ከመንገዱ ስንቱ ደረሰን?» ቢል ጥያቄው ልመና አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ቁጥር የ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ እርሻ የነበረው ሰፈር ሆኗል፤ ከመሐል ከተማ የተነሡ ብዙዎች ወደ ዳር ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። ስለዚህ የያኔውን ቦሌና የካ ከዛሬዎቹ ጋር እንዳለ ማወዳደር አይቻልም፤ ከሁለቱም ተቆርሷልና። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል ተብሎ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ይሆናል ተብሎ እንደ ገና ተላለፈ። ያረጀ ቁጥር እንዳረጀ ጫማ ነው፤ እግር ሲያድግ ያቆስላል።

ቆሼ፦ ያልተቆጠሩት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ይህንን የሚያዳምጡን ብዙዎች በዓይናቸው ያዩት ነው።

በክፍለ ከተማችን በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር ኖረ። ቦታው ወደ 36 ሄክታር እንደሚደርስ ይነገራል። ሲጀመር ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማው እያደገ መጥቶ ከበበው። በጥር 2008 ዓ.ም. ገደማ ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው ከወራት በኋላ ተዘጋ። የከተማው ቆሻሻም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከሥሩና ከጎኑ በጭቃ ቤትና በላስቲክ ቤት ይኖሩ በነበሩ ቤተሰቦች ላይ ወረደ። ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

በማግስቱ የሞቱት 46 ናቸው ተባለ። አስከሬን ሲወጣ ቁጥሩ በየቀኑ ጨመረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ 113 ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ። ታዲያ ለምን ቶሎ አልታወቀም? አንዱ ምክንያት ክምሩ ከባድ፣ ቁፋሮውም አድካሚ መሆኑ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ ምሽት እያንዳንዱ ጎጆ ውስጥ ማን እንደ ነበረ ገልጦ የሚያሳይ መዝገብ በሕዝብ እጅ አልነበረም። የመጨረሻው ቆጠራ ከተደረገ 10 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ተኩል ነበር የቀረው። ቆሻሻ እየለቀሙ የሚኖሩ፣ ከገጠር በቅርቡ የመጡ፣ ጎጆ የተከራዩ ሰዎች በቤት ቁጥርም በመታወቂያም ላይገኙ ይችላሉ። ጎረቤት ስለ ጎረቤት ተናገረ፤ ዘመድ ፎቶግራፍ ይዞ ዞረ። ሰዎቹ ሲኖሩ አልተቆጠሩም፤ የተቆጠሩት ሲሞቱ ነው።

መረጃ ቢከፈት ኖሮ ክምሩ አይናድም ነበር ልንል አንችልም። ቁጥር ተራራ አይደግፍም። ነገር ግን ቆሻሻ እንዴት እንደሚናድ እናስብ። ቆሻሻ ሲበሰብስ ውስጡ ይሞቃል፤ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ውሃ ሲገባበት ይከብዳል፤ ቁልቁለቱ ሲገዝፍ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ከሥሩ የሚኖር ሰው ማወቅ የሚገባው አራት ቁጥር ነው። ክምሩ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ አለ? ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? በቀን ስንት ቶን ይጨመርበታል? ከክምሩ እግር እስከ መጀመሪያው ቤት ስንት እርምጃ ነው? እነዚህ አራት ቁጥሮች በየወሩ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢጻፉ ዋጋቸው የአንድ ጣሳ ቀለም ነው። እናት ልጇን ይዛ ሰሌዳውን ታነብና «አምና 20 እርምጃ ነበር፤ ዘንድሮ 8 ሆነ» ብላ ትነሣለች፤ ትጮኻለች፤ ትጠይቃለች። ክፍት መረጃ ሰው ከማለቁ በፊት እንዲጮህ ጊዜ ይሰጣል።

አንዱን መረጃ ከሌላው ማገናኘትም እንማር። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 36 ሄክታር 360,000 ካሬ ሜትር ነው። ሲባዛ በዓመት 432 ሚሊዮን ሊትር ይወጣል። ይህ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ ይፈሳል፤ ከፊሉ ይተናል። አደጋው የደረሰውም በመጋቢት እንጂ በክረምት አይደለም፤ ስለዚህ ናዳውን ያመጣው ይህ ውሃ ነው ብለን አንፈርድም። ስሌቱ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው፤ ውሃውን የሚያወጣ ቦይና ቧንቧ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው። ከአደጋው በኋላ ቦታውን ለማረጋጋት የተሠራበት የጃፓን ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ዘዴም ይህንኑ ያደርጋል። በክምሩ ውስጥ ቧንቧ ይዘረጋል፤ አየር ይገባል፤ ጋዝና ቆሻሻ ውሃ ይወጣል።

በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንደሚያቃጥል ያኔ ተነገረ። በ365 ቀን አባዙት፤ በዓመት 511,000 ቶን ይሆናል። ይህ የተስፋው ቁጥር ነው። የሥራው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው፤ በየወሩ ስንት ቶን ገባ? ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ወጣ? ከጢስ ማውጫው ምን ወጣ? የምረቃውን ቁጥር ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ነዋሪው የሚተነፍሰው ግን የሥራውን ቁጥር ነው።

ቁጥር ሁሉ እውነት ነው ወይ?

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብን፣ ቁጥር ስናይ አምስት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ቆጠረ? መቼ ቆጠረ? የት ቆጠረ? በምን መለኪያ? ምን ሳይቆጠር ቀረ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ይህ የተተከለው ቁጥር ነው። አምስተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ የጸደቀው ይመጣል። ችግኝ መትከልና ዛፍ ማግኘት፣ ልጅ መውለድና ማሳደግ ማለት ነው። በየሰፈራችሁ የተተከለውን ዘንድሮ ሄዳችሁ ብትቆጥሩ ቁጥሩን የጎደለው ግማሹን ትሞሉለታላችሁ።

ሌላ ምሳሌ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ ሕዝብ ስንት ነበር? የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ ወደ 107 ሚሊዮን ብሎ ተነበየ። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ከ126 ሚሊዮን በላይ አለ። ልዩነቱ 19 ሚሊዮን ያህል ነው። «ታዲያ ለኔ ምን አገባኝ?» የሚል ካለ 1,000 ዳቦ ያስብ። ለ107 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ9 በላይ ይደርሳል፤ ለ126 ሰው ሲካፈል 8 እንኳ አይሞላም። ዳቦው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «የነፍስ ወከፍ ገቢ ይህን ያህል ነው» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ አካፋዩ ካልታወቀ ድርሻው አይታወቅም። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ቁጥራቸውንና አወጣጡን ስለ ከፈቱ ልዩነቱን ልናይ ቻልን። ቢዘጉት ኖሮ ሁላችንም በአንዱ ተማምነን እንኖር ነበር።

የተከፈተ ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአየር ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ በመሣሪያ እየለካ በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ይህ ብናኝ ከመኪና ጢስ፣ ከማገዶና ከሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣ፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህንን መረጃ ማሠራጨት አቆመ። ያን ጊዜ ተማሪውም ሐኪሙም ሲመለከቱት የነበረው ሰሌዳ ጨለመባቸው። ከጎረቤት በተዋሱት ፋኖስ የሚያመሽ ሰው ጎረቤቱ ሲተኛ ይጨልምበታል። የራስን መለኪያ ማቆም፣ የራስን መዝገብ መያዝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መብታችንን እንወቅ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ይጠብቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ አሠራሩን ይዘረዝራል። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል። የማይሰጡ መረጃዎችም በሕጉ ተለይተዋል፤ የአገር ደኅንነትና የግለሰብ ምሥጢር ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ስትጠይቁ ጥያቄያችሁ ጠባብና ግልጽ ይሁን። «ስለ ውሃ ንገሩን» አትበሉ። «በወረዳችን ባለፉት 6 ወራት ውሃ በፈረቃ የተለቀቀባቸው ቀኖች ስንት ናቸው?» በሉ። የጠየቃችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ግልባጭ ያዙ።

ሁለተኛ፣ እኛም እንቁጠር። ለምሳሌ በአንድ ሰፈር 20 ቤተሰብ ይስማማ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በደብተር ላይ ሦስት መስመር ያሰምር፤ ቀን፣ ውሃ መጣ ወይስ አልመጣም፣ ከውጭ ስንት ጀሪካን በስንት ብር ተገዛ። ማታ ማታ ይሞላ። አንድ ወር ሲሞላ ይደመር። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ «ውሃ አጣን» ማለት ይቀርና «ከ30 ቀን በ19ኙ አልመጣም፤ 20 ቤተሰብ ለጀሪካን ይህን ያህል ብር ከፈለ» ማለት ይመጣል። ሮሮ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይጻፍ፤ ያልተሞላ ቀን በግምት አይሞላ፤ ባዶ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የሰውን ምሥጢር እንጠብቅ። ክፍት መረጃ ማለት የጎረቤትን ጓዳ መክፈት አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በተደረገው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ስለ እርሻቸው፣ ስለ ከብታቸውና ስለ ምግባቸው ተጠይቀዋል። መልሱ ዛሬ ለዓለም ተመራማሪ ሁሉ ክፍት ነው፤ ስማቸው ግን የለበትም። «20 ቤተሰብ» ይባል እንጂ እነ እገሌ ይህን በሉ አይባል። ቆጣሪ ቤታችሁ ሲመጣም ትክክለኛውን ተናገሩ። ቁጥሩ የሚጠቅመው እናንተ ያልደበቃችሁትን ያህል ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የዕድራችሁ ሒሳብና የወረዳችሁ ሒሳብ በአሰማም ምን ይለያያሉ?
2. ከላይ የተሰጡትን የ10 ክፍለ ከተሞች ቁጥሮች ደምሩ። ኮልፌ ቀራንዮ ከአቃቂ ቃሊቲ በስንት ይበልጥ ነበር? (መልስ፦ 247,625)
3. በሰፈራችሁ የአደጋ ሥጋት ያለበት ወንዝ ዳር፣ ገደል ወይም ቆሻሻ ቦታ አለ? ሰሌዳ ቢቆምበት የትኞቹ አራት ቁጥሮች ይጻፉ?
4. በዚህ ሳምንት በሬዲዮ ከሰማችሁት አንድ ቁጥር መርጣችሁ አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቁበት።

አድማጮቻችን፣ የተነገረውን በደብተራችሁ ያዙ፤ ያልገባችሁን በቡድን ተመካከሩበት፤ ያመለጠው ጎረቤት ካለ ንገሩት። የመጀመሪያውን የቆጠራ ሰንጠረዥ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ደህና ሁኑ፤ በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ሰላም ቆዩን።